የአረጋውያን ቤተሰብ አስታማሚዎችን መደገፍ፦ ለነርሶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ አረጋዊ ከሆስፒታል ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ እስከዚያ ሰዓት ድረስ በየተራ በሚገቡ ነርሶች፣ በሐኪሞች፣ በፊዚዮቴራፒስትና በፋርማሲ ባለሙያ ተከፋፍሎ ይሠራ የነበረው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ይህ ሰው የትዳር አጋር፣ ልጅ፣ ምራት ወይም የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ለሥራው አልሠለጠነም፣ ሲደክመውም የሚረከበው ተረኛ የለም። የጤና ሥርዓቱ በዚህ ሰው ጉልበት ላይ የቱን ያህል እንደሚደገፍ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሆኖም በሕመምተኛው ካርድ ላይ ስሙን ፈልገን የምናጣበት ጊዜ ይበዛል።

መመሪያው በሆስፒታል፣ በጤና ጣቢያ ወይም ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ለሚሠሩ ነርሶች የተጻፈ ሲሆን፣ በሁሉም ደረጃዎች ውስጥ የሚያልፍ አንድ ሐሳብ አለው፦ ለቤተሰብ የምንሰጠው ትእዛዝ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የሥራ ሰዓት ይጨምራል። «በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጧቸው» ብሎ መናገር ጥቂት ሴኮንድ ይፈጃል፤ ለሚፈጽመው ሰው ግን ሌሊቱን ሦስት አራት ጊዜ መነሣት፣ ያንንም በየሌሊቱ መድገም ማለት ነው። ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት ትእዛዙን በሚፈጽመው ሰው ሰዓትና ጉልበት መመዘን ልማድ ሊሆንብን ይገባል።

ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ ባለትዳሮችን ለአራት ዓመታት ያህል ተከታትሎ፣ የትዳር አጋራቸውን እያስታመሙ ጫና የሚሰማቸው ሰዎች ከማያስታምሙት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። እያስታመሙ ጫና ባልተሰማቸው ሰዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህ ለነርስ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ማስታመሙን ማስቀረት ባንችል እንኳ ጫናውን መቀነስ እንችላለንና። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ አረጋውያን የተቀናጀ እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ፣ በሰው እገዛ የሚኖሩ አረጋውያንን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች፣ በተለይ እንክብካቤው ውስብስብና ሰፊ ከሆነ ወይም ጫናው ከበረታ፣ ሥልጠና፣ የሥነ ልቦና እገዛና ድጋፍ እንዲሰጥ መክሯል።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በእውነት የሚሠራው ማን እንደሆነ መለየት

አልጋው አጠገብ ቆሞ ሐኪሙን የሚያነጋግረው የቤተሰብ አባል ሌሊት የሚነሣው ሰው ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ለንግግር የሚቀርበው የተሻለ የተማረው ልጅ ነው፤ ማብራሪያውን በጥሞና አዳምጦና ወረቀቱን ፈርሞ ወደ ሥራው ይመለሳል፣ የሰማውም ነገር ተሸራርፎ ለሚሠራው ሰው ይደርሳል። ስለዚህ «አስታማሚው ማነው?» ብሎ በጥቅሉ ከመጠየቅ ይልቅ ሥራውን እየነጣጠሉ መጠየቅ ይሻላል። ገላቸውን የሚያጥባቸው ማነው? መድኃኒት የሚሰጠውስ? ሌሊት ሲጣሩ የሚነሣው? ወጪውን የሚሸፍነው? ስለ ሕክምናቸው ውሳኔ ላይ ድምፁ የሚሰማው? መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሰዎችን ያሳያል፤ የሁሉም ስምና ስልክ ከሚሠሩት ሥራ ጋር በካርዱ ላይ ይመዝገብ።

ከዚህ ጎን ለጎን አረጋዊውን ራሳቸውን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ስለ ሕመማቸው ለማን ምን ያህል እንዲነገር እንደሚፈልጉ ጠይቁና መልሳቸውን መዝግቡ። ማሰብና መወሰን የሚችሉ ሰው በራሳቸው ጉዳይ ላይ የመጨረሻውን ቃል የመስጠት መብት አላቸው፤ ልጆቻቸው በዙሪያቸው ቆመው ስለ እነርሱ እንደሌሉ ሆኖ መነጋገርም ተገቢ አይደለም።

ከዓይናችን የሚሰወሩ ሁለት ዓይነት አስታማሚዎች አሉ። አንደኛዋ ራሷ ያረጀችና የታመመች ሚስት ናት (ባልም ሊሆን ይችላል)፤ ባሏን ስታነሣ የምትወድቅ ከሆነ በአንድ ቀን ሁለት ሕመምተኞች ይኖሩናል። ሁለተኛው ከትምህርት ቤት መልስ አያቱን የሚያስታምም ልጅ ነው፤ ማንም አስታማሚ ብሎ ስለማይጠራው ማንም አይጠይቀውም።

ደረጃ 2፦ አስታማሚውን ለብቻ ማነጋገር

«እንዴት ነዎት?» ተብሎ ሲጠየቅ አስታማሚ ሁሉ «ደህና ነኝ» ይላል። በተለይ ሕመምተኛው በሚሰማበት ቦታ ሌላ መልስ መጠበቅ የዋህነት ነው። ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መቀመጫ ባለበትና በሩ በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ስለ ስሜት ሳይሆን ስለ ትናንቱ ቀን ጠይቁ። አባቷን ከምታስታምም ሴት ጋር የሚደረገው ንግግር እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኙ?»
«አራት ሰዓት ላይ ጋደም አልኩ።»
«ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተነሡ?»
«እንጃ… አባባ ሽንት ቤት ሲሉ፣ ኋላ ደግሞ ውሃ ሲሉ… አምስት ጊዜ ይሆናል።»
«የራስዎን የደም ግፊት መድኃኒትስ?»
«እሱን እንኳ ከሰኞ ወዲህ አልወሰድኩም። አልቆብኝ ነው፤ ወጥቼ እንዳልገዛ እሳቸውን ለማን ልተዋቸው?»

በሦስት ጥያቄ ሦስት ነገር ተገኘ፦ እንቅልፏ ተቆራርጧል፣ የራሷ ሕመም ሳይታከም ቀርቷል፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ የሚተካት ሰው የለም። ከሦስቱ እያንዳንዱ፣ ነርስ አንድ ነገር ልታደርግለት የምትችለው ችግር ነው። የሰኞውን መድኃኒት በዚያው ሰዓት እንድታገኝ ማድረግና ግፊቷን መለካት ከማንኛውም ረጅም የማበረታቻ ንግግር ይበልጣል።

መጠኑን በቁጥር ለመያዝ የተዘጋጁ መለኪያዎችም አሉ። የዛሪት የጫና መጠይቅ 22 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ድምሩም እስከ 88 ይደርሳል፤ ጊዜ ላጠረበት ሥራ 12 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት አጭር ቅጂ ተዘጋጅቶለታል። የአስታማሚ ውጥረት መለኪያ የተባለው ደግሞ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው 13 ጥያቄዎች አሉት፤ 7 እና ከዚያ በላይ «አዎ» ከተገኘ ውጥረቱ ከፍተኛ ነው ተብሎ ይወሰዳል። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ቅጹን በኮሪደር ላይ ለደከመ ሰው አቀብሎ መሄድ ምንም ካለመጠየቅ ብዙም አይሻልም። ጥያቄዎቹን አብራችሁ እያነበባችሁ ሙሉ፤ ትልቁ ጥቅም ከነጥቡ ይልቅ በመካከል የሚነገረው ነገር ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ለውጡን ለማየት ነው።

አንዳንድ ምልክቶች ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ ያለማቋረጥ ማልቀስ፣ ክብደት መቀነስ፣ ለመተኛት ሲባል መጠጥ ወይም ማስታገሻ መውሰድ፣ «ባልነቃ ይሻለኝ ነበር» የሚል ንግግር ከተሰማ፣ ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታና በተረጋጋ ድምፅ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አያመጣም፤ የሚሰማ ሰው እንዳለ ያሳያል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየውን ብቻውን ሳትተዉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ወይም ተረኛ ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ደረጃ 3፦ የእንክብካቤ ዕቅዱን በአንድ ቀን ላይ መዘርጋት

አንድ ወረቀት ወስዳችሁ ሃያ አራቱን ሰዓት በመስመር ክፈሉና ያዘዛችሁትን ሁሉ፣ ማለትም መድኃኒቱን፣ ምግቡን፣ የሰውነት እንቅስቃሴውን፣ የቁስል እጥበቱን፣ ማገላበጡንና ልኬቱን፣ በየሰዓቱ ከአስታማሚው ጋር አስገቡ። በዚያው ወረቀት ላይ አስታማሚው የሚተኛበት፣ ሥራ የሚሄድበትና ልጆቹን የሚያይበት ሰዓትም ይግባ። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ካልገባ በቤት ውስጥም አይገባም።

ከዚህ በኋላ መቀነስ ይጀመራል። መድኃኒቶቹ በቀን በስድስት የተለያየ ሰዓት የሚሰጡ ከሆነ፣ የትኞቹን ባንድ ላይ መስጠት፣ የትኞቹን በቀን አንድ ጊዜ በሚወሰድ ዓይነት መተካት፣ የትኞቹን ደግሞ ማቆም እንደሚቻል ሐኪሙንና የፋርማሲ ባለሙያውን ጠይቁ። አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት በሚወስዱ አረጋውያን ዘንድ የመድኃኒቶች እርስ በርስ መጋጨትና የመውደቅ አደጋ ስለሚጨምር፣ ጥያቄው ለሕመምተኛውም የሚጠቅም ነው። መዋጥ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ክኒን ከመጨፍለቅ በፊት መጠየቅ እንዳለበት ለአስታማሚው አስረዱ፤ ቀስ ብለው እንዲለቀቁ ተደርገው የተሠሩና በጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሙ የተሸፈኑ ክኒኖች ከተጨፈለቁ ሊጎዱ ይችላሉ።

ልኬቶችንም በጥርጣሬ እዩ። የደም ግፊት በቀን ሦስት ጊዜ ተለክቶ ይመዝገብ ብለን ስናዝዝ፣ መዝገቡን ማን፣ መቼ እንደሚያየውና በምን ቁጥር ላይ ምን እንደሚደረግ መናገር ካልቻልን ትእዛዙን መተው ይሻላል።

ደረጃ 4፦ ማሳየት፣ አብሮ መሥራት፣ ሲሠራ ማየት

ሥልጠናው ሕመምተኛው በሚወጡበት ጠዋት፣ መኪና ውጭ እየጠበቀ ሊሰጥ አይገባውም። ቢቻል ከመውጣታቸው ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ተጀምሮ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሰጥ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፦ መጀመሪያ ነርሷ እየተናገረች ትሠራለች፤ ቀጥሎ አብረው ይሠራሉ፤ በመጨረሻ አስታማሚው ብቻውን ሲሠራ ነርሷ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትመለከታለች። ሦስተኛው ክፍል ነው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው። «ገብቶዎታል?» የሚለው ጥያቄ «አዎ»ን ብቻ ስለሚያመጣ፣ «በደንብ ማስረዳቴን ለማረጋገጥ፣ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚያደርጉት ይንገሩኝ» በሉ፤ ፈተናው የአስረጂው እንጂ የተማሪው አይመስልም።

ማገላበጥን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በጀርባ የተኙትን ሰው ወደ ግራ ጎናቸው ለማዞር አስታማሚው በግራቸው በኩል ይቆማል። የሕመምተኛው ቀኝ ጉልበት ይታጠፋል፣ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ይደረጋል። ከዚያ አስታማሚው አንድ እጁን ከትከሻቸው ጀርባ፣ ሌላውን ከዳሌያቸው ጀርባ አድርጎ፣ ወገቡን ሳይሆን ጉልበቱን አጥፎ፣ አስቀድሞ ነግሯቸው ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ከጀርባቸው ትራስ ተደግፎ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ እንዲያዘነብሉ ይደረጋል፤ ሙሉ በሙሉ በጎን መተኛት ክብደቱን በዳሌ አጥንት ላይ ያሳርፋልና። በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ ይገባል፣ ከባታቸው ሥርም ሌላ ትራስ ተደርጎ ተረከዛቸው ከፍራሹ ይነሣል።

በዚያው አጋጣሚ ቆዳውን ማየት ይለመድ። የቀላ ቦታ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ የአልጋ ቁስል መጀመሩን ያመለክታል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ስለሚችል፣ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የሚያም ቦታ መኖሩን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ቦታ ማሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ ቀለበት መሳይ መቀመጫም አይመከርም። የማገላበጫው ልዩነት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መሆን እንደሌለበትም አስታውሱ። ክብደትን የሚያከፋፍል ፍራሽ ካለና ቆዳው ደህና ሆኖ ከቀጠለ፣ ከባለሙያ ጋር ተመካክሮ የሌሊቱን ልዩነት ማስፋት ይቻላል፤ ለአስታማሚው ይህ ሳይቋረጥ የሚተኛበት ሰዓት ነው።

ከአልጋ ማንሣት ሌላው አደገኛ ሰዓት ነው። አረጋውያን በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊታቸው ሊወርድ ይችላል፤ በቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከቀነሰ ለሐኪም መነገር አለበት። ስለዚህ በመጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን መሬት አስረግጠው ትንሽ ይቆዩ፣ ማዞር እንደሌለባቸውም ይጠየቁ። በስትሮክ አንድ ጎናቸው የደከመ ከሆነ ወንበሩ በጤነኛው ጎን ይቀመጥ፤ የደከመውን እጅ መጎተት ትከሻን ከቦታው ሊያንሸራትት ስለሚችል ፈጽሞ አይደረግ። የአስታማሚውን አንገት አቅፈው እንዲነሡ መፍቀድም የሁለቱንም ጀርባና አንገት ይጎዳል።

ስለ መመገብ አጭር ማስገንዘቢያ ይበቃል፦ ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ፣ ከበሉ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይጋደሙ ይቆዩ። ሲበሉ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው እርጥብ የሚመስል ከሆነ የአዋዋጥ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። አፍን በየቀኑ ማጽዳትና ሰው ሠራሽ ጥርስን ለሌሊት ማውለቅ ቀላል ቢመስሉም የሳንባ ምች አደጋን ይቀንሳሉ።

ደረጃ 5፦ መቼና ለማን እንደሚደወል በጽሑፍ መስጠት

«የተለየ ነገር ካዩ ይምጡ» የሚለው ምክር አስታማሚውን ሌሊቱን ሙሉ እንዲጠራጠር ያደርገዋል። በምትኩ በአንድ ገጽ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ አስታማሚው ራሱ በሚጠቀምበት ቃል ሦስት ክፍል ይጻፍ፦ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ፣ በዚያው ቀን የሚያስደውል፣ እስከ ቀጠሮው የሚቆይ። ከእያንዳንዱ ጎን ስልክ ቁጥር ይኑር፤ የሌሊቱም ቁጥር ሌሊት የሚነሣ መሆኑን ራሳችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ።

ከሁሉም በላይ ሊሠመርበት የሚገባው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚመጣ የአእምሮ መዛባት ነው። ትናንት ያወሩ የነበሩ አረጋዊ ዛሬ ከተደናገሩ፣ ከቃዡ፣ ወይም ከወትሮው በላይ ዝም ብለው ካንቀላፉ፣ ቤተሰብ «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዕድሜ ግን በአንድ ሌሊት አይመጣም። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ፣ የሽንት መቋጠር፣ የሆድ ድርቀት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ዝምተኛው ዓይነት ስለማያስቸግር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ለአስታማሚው ይህን ለይታችሁ ንገሩት።

ደረጃ 6፦ የመርሳት በሽታ ካለ

እዚህ ላይ የአስታማሚው ድካም መልኩን ይለውጣል። ሰውየው በሕይወት እያለ የሚያውቁትን ሰው ማጣት ሐዘን ነው፤ ሐዘን ብሎ የሚጠራው ሰው ግን ስለሌለ አስታማሚው ብቻውን ይሸከመዋል። ይህን በስሙ ጠርቶ መናገር ብቻውን እፎይታ ይሰጣል።

በተግባር ደግሞ አስቸጋሪ ጠባይ ሲነሣ ምክንያት መፈለግን አስተምሩ። ገላቸውን አልታጠብም ያሉት ብርድ ስለሚሰማቸው፣ መራቆት ስለሚያሳፍራቸው ወይም መገጣጠሚያቸው ስለሚያም ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ የሚረበሹት ሽንታቸው ስለመጣ፣ ስለራባቸው ወይም የክፍሉ ጥላ ስለሚያስፈራቸው ይሆናል። ያንኑ ጥያቄ ዐሥር ጊዜ ሲጠይቁ «አሁን ነገርኩህ አይደል?» ብሎ መከራከር ሁለቱንም ያደክማል፤ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ስጋት መልሶ ወደ ሌላ ነገር መምራት ይሻላል። አስታማሚው የተረበሹበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የሆነውንና ያረጋጋቸውን ነገር ለአንድ ሳምንት ቢጽፍ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከማስታወሻው ይወጣል። ኢንተርኔት ለሚያገኙ አስታማሚዎች የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አይሰፖርት (iSupport) የተባለ የሥልጠና ፕሮግራም አለ።

ደረጃ 7፦ ሸክሙን ማከፋፈል

«እርዳታ ይጠይቁ» ማለት አይበቃም፤ የደከመ ሰው ምን እንደሚጠይቅ እንኳ ማሰብ ይከብደዋል። በደረጃ 3 የተሠራውን ወረቀት አውጥታችሁ፣ የትኛው ሥራ የግድ የአስታማሚው እንደሆነ፣ የትኛው ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል አብራችሁ ምልክት አድርጉ። «አግዙኝ» የሚለው ጥያቄ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ከእሳቸው ጋር ተቀመጥ» ወደሚል ሲለወጥ እሺ የሚል ሰው ይገኛል። ሩቅ ያለ ልጅም መድኃኒት መግዣውን መሸፈን፣ ቀጠሮ መያዝና በየምሽቱ መደወል ይችላል።

ቤተሰቡ የማይስማማ ከሆነ ነርሷ ስብሰባ ልትጠራ ትችላለች፤ የዚያ ቀን ሥራዋ ያለውን ሥራ በሰዓት ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሥራው በልማድ ለሴት ልጅ ወይም ለምራት የተተወ ከሆነ፣ ወረቀቱ ያለ ወቀሳ ያሳየዋል። የቀን መዋያ ማዕከል፣ የአጭር ጊዜ ማረፊያ ወይም የቤት ለቤት አገልግሎት ካለ፣ ስሙን ብቻ ነግሮ መተው ሳይሆን ደውሎ ማገናኘት ያስፈልጋል። አስታማሚዎች ማረፍን እንደ ክዳት ስለሚያዩት፣ ከነርስ አፍ «የእርስዎ እንቅልፍ የእሳቸው ሕክምና አካል ነው» የሚል ቃል መስማታቸው ክብደት አለው።

ደረጃ 8፦ መደወልና ደግሞ መለካት

ሕመምተኛው ከወጡ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ ለአስታማሚው ደውሉ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አትበሉ፤ መድኃኒቱ በሙሉ ተገኝቶ እንደሆነ፣ ከተማረው ውስጥ ቤት ሲደርስ ያቃተው የትኛው እንደሆነ፣ እርሱ ራሱ ትናንት ምን ያህል እንደተኛ ጠይቁ። ከዚያ በኋላም የሕመምተኛው ሁኔታ በተለወጠ ቁጥር፣ ለምሳሌ ሲወድቁ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ሲገባላቸው ወይም ሰው መለየት ሲያቆሙ፣ የአስታማሚውን ጫና እንደገና ለኩ።

ደረጃ 9፦ ማስታመሙ የማይቀጥልበት ጊዜ

በቤት ውስጥ ያለው እንክብካቤ ለአንዳቸው አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል። ያልተብራራ ሰንበር፣ የመታሰር ምልክት፣ ድንገተኛ ክብደት መቀነስ፣ የሚፈራ ዓይን ካያችሁ አረጋዊውን ለብቻቸው አነጋግሩ፤ በምትሠሩበት ተቋምና ሕግ መሠረትም ሪፖርት አድርጉ። ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር በስተጀርባ አንዳንዴ ክፋት፣ አንዳንዴም ሳይታገዝ ብዙ የቆየ ሰው አለ፤ ሪፖርቱ በሁለቱም ጊዜ ይቀርባል፣ ለሁለተኛው ግን እገዛው አብሮ ይምጣ። ወደ መንከባከቢያ ተቋም ማዛወር ከተወሰነ፣ አስታማሚው በተቋሙ ውስጥ ምን ማድረጉን እንደሚቀጥል፣ ማብላት ይሁን ፀጉር ማበጠር ወይም ምሽት ላይ ማጫወት፣ ከወዲሁ ይነጋገሩበት።

አረጋዊው ካረፉ በኋላም ለአስታማሚው አንድ ስልክ ይደወል። የተረፉት መድኃኒቶች፣ በተለይ ጠንካራ ማስታገሻዎች፣ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጡ ወደ ፋርማሲ እንዲመለሱ፣ በውሰት የመጣው አልጋና ኦክስጅንም እንዲወሰድ አመቻቹ። በደረጃ 2 ላይ የተጻፈውን የአስታማሚውን የራሱን ሕመም አውጥታችሁ እዩ፤ የተላለፈ የግፊት፣ የስኳር ወይም የዓይን ምርመራ ካለ ቀጠሮውን በዚያው ስልክ ያዙለት።